ባለ 121 ፍሬው የመደመሪያና የመቀነሻ ኩብ፦ ነጠላው በዛ፣ ዘንጉ አነሰ

ባለ ሁለትና ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥሮችን መደመርና መቀነስ ለሚጀምሩ ልጆች ከሚዘጋጁት መርጃ መሣሪያዎች መካከል በብዛት የሚገኘው በአሥር እየተቧደነ የሚያድገው የኩብ ስብስብ ነው። ስብስቡ አራት ዓይነት ቁርጥራጭ ይይዛል፦ እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነጠላ ኩብ፣ አሥር ነጠላ ኩቦች በመስመር የተያያዙ የሚመስል ዘንግ፣ አሥር ዘንጎች ጎን ለጎን የገጠሙ የሚመስል ሰሌዳ፣ እንዲሁም አሥር ሰሌዳዎች የተደራረቡ የሚመስል ትልቅ ኩብ። እዚህ የምገመግመው 121 ፍሬ የሚይዘውን የተለመደ ስብስብ ሲሆን፣ በውስጡ 100 ነጠላ ኩቦች፣ 10 ዘንጎች፣ 10 ሰሌዳዎችና 1 ትልቅ ኩብ አሉ። ልዩ ልዩ አምራቾች በዚሁ መጠንና ቁጥር ስለሚያወጡት አስተያየቴ የሚያተኩረው በአምራቹ ስም ላይ ሳይሆን በዕቃው አሠራርና ልጁ እጅ ሲገባ በሚሰጠው አገልግሎት ላይ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና የትምህርት ባለሙያ ማሪያ ሞንቴሶሪ (1870–1952) ነጠላ ዶቃን፣ በሽቦ የተሰካ የአሥር ዶቃ ዘንግን፣ የመቶ ዶቃ ካሬንና የሺህ ዶቃ ኩብን ለዚሁ ዓላማ ትጠቀም ነበር። ዕቃውን አሁን በምናውቀው ቅርጽ ያስፋፋው ግን ሀንጋሪ ውስጥ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ዞልታን ዲየንስ (1916–2014) በመሆኑ፣ በብዙ አገሮች መምህራን ኩቦቹን እስካሁን በእሱ ስም ይጠሯቸዋል። ዲየንስ ያሰበውና ዛሬ በሳጥን ታሽጎ የሚሸጠው አንድ አይደሉም። በእሱ ስብስብ ውስጥ በአሥር ብቻ ሳይሆን በሦስት፣ በአራትና በአምስት እየተቧደኑ የሚያድጉ ቁርጥራጮችም ነበሩ፤ ልጁ ሦስት ነጠላ ሲሞላለት በአንድ ዘንግ፣ ሦስት ዘንግ ሲሞላለት በአንድ ሰሌዳ መለወጥን በጨዋታ መልክ ደጋግሞ ከሠራ በኋላ፣ የአሥሩ አሠራር የዚያው ደንብ አንድ መልክ መሆኑን በራሱ እንዲደርስበት ታስቦ ነበር። የሌሎቹ ቁርጥራጮች ከሳጥኑ መውጣት ለጀማሪ ልጅ ብዙ የሚያጎድልበት አይመስለኝም። ጨዋታው ከጽሑፍ መቅደም አለበት የሚለው ሐሳብ አብሮ መውጣቱ ግን ጉዳት ነው፤ ከዚህ በታች ስለ መመሪያው ስጽፍ እመለስበታለሁ።

ዕቃው የሚፈታው ችግር ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ጥቅሙን መመዘን አይቻልም። እስከ 20 ባሉ ቁጥሮች መደመርና መቀነስን በጣቱም ሆነ በቃሉ የሚወጣው ልጅ ወደ ባለ ሁለት አኃዝ ሲሻገር የሚደናቀፈው ስሌቱ ስለከበደው አይደለም፤ በ62 ውስጥ ያለውን 6 እንደ ስድስት እንጂ እንደ ስልሳ ስለማያየው ነው። 62 ሲቀነስ 28 ስንት እንደሆነ ጠይቁት፤ 46 ብሎ የሚጽፍ ልጅ ከክፍል አይጠፋም። በአንድ ቤት ከ2 ላይ 8 አልነሣ ሲለው ገልብጦ ከ8 ላይ 2 ቀነሰና 6 አገኘ፤ በአሥር ቤት ደግሞ ከ6 ላይ 2 ቀንሶ 4 ጻፈ። ይህ የግድየለሽነት ስሕተት አይደለም። ልጁ ከትልቁ ትንሹን የመቀነስ የራሱ ደንብ አለው፤ ደንቡንም በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ሳያዛንፍ ይሠራበታል። ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጥናት ብዙዎቹ የልጆች የመቀነስ ስሕተቶች እንዲህ ያለ ወጥ ደንብ የሚከተሉ መሆናቸውን አሳይተዋል። እንዲህ ዓይነቱን ደንብ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ማድረግ አያፈርሰውም፤ የሚያፈርሰው ደንቡ ፈጽሞ ሊሠራበት የማይችል ነገር ፊት ለፊት ሲቀመጥ ነው።

ኩቦቹ ዋጋ የሚያገኙት በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ልጁ 62ን ስድስት ዘንግና ሁለት ነጠላ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያ ላይ 28 እንዲያነሣ ይጠየቃል። ሁለት ዘንግ ማንሣቱ አያስቸግረውም። ስምንት ነጠላ ለማንሣት ግን እጁን ሲዘረጋ ሁለት ብቻ ያገኛል። ወረቀት ላይ ሲሆን 8 እና 2 እኩል በዓይኑ ፊት የተጻፉ ስለሆኑ ወዲያና ወዲህ መገልበጥ ይችላል፤ እዚህ ግን 28ቱ የሚወሰድ እንጂ የተቀመጠ ቁጥር ስላልሆነ ገልብጦ የሚቀንስበት ስምንት ጠረጴዛው ላይ የለም። ልጁ ቆም ብሎ ዘንጎቹን ያያል፣ ነጠላዎቹን ያያል፣ አንዳንዱም ዘንጉን በጣቱ ሸፍኖ ሁለት ጉብታ ብቻ እንዲታይ በማድረግ «ከዚህ ላይ ስምንቱን ወስጃለሁ» ይላል። ይህን የሚያደርግ ልጅ ያለ ምንም ማብራሪያ መንገዱን ማግኘቱን ልብ ይሏል፤ የሚቀረው ዘንጉን በአሥር ነጠላ ዘርዝሮ የወሰደውን በትክክል እንዲወስድ ማድረግ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ነጠላ ይሆንለታል፣ ስምንቱን ያነሣል፣ አራት ይቀራል፤ ዘንጎቹም ስድስት ከነበሩት አንዱ ተዘርዝሮ፣ ሁለቱ ተወስደው ሦስት ናቸው። 34ን ጽፎ ሳይሆን ቆጥሮ ያገኘዋል።

ወደ መደመሩ ስናልፍ በስብስቡ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይመጣል። 86 ሲደመር 75ን በኩቦቹ ለመሥራት በላይ በኩል ስምንት ዘንግና ስድስት ነጠላ፣ በታች በኩል ሰባት ዘንግና አምስት ነጠላ መደርደር ያስፈልጋል። ዘንጎቹ አሥራ አምስት ሆኑ ማለት ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ግን አሥር ናቸው። ማንኛውም ሁለት ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥሮች ሲደመሩ ቢበዛ 18 ነጠላና 18 ዘንግ፣ ነጠላዎቹ ሲለወጡ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ዘንግ ይጠይቃሉ። ስለዚህ 19 ዘንግ ለሥራው የግድ ሲሆን፣ ከ18 በላይ ነጠላ ኩብ የሚጠይቅ የሁለት ቁጥር ድምር ግን የለም። አምራቾቹ ያደረጉት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ነጠላውን መቶ አድርገው ዘንጉን አሥር ላይ አቁመውታል። ምናልባት የታሰበው አሥሩ ዘንግ አንድ ሰሌዳ፣ መቶው ነጠላም እንዲሁ አንድ ሰሌዳ እንደሚያህል ለማሳየት ይሆናል፤ ይህም ቢሆን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሠራ ማሳያ ነው። ሰሌዳውን በመቶ ነጠላ ኩብ መሸፈን ልጁ በትዕግሥት ሊሠራው የሚገባ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ይሁንና ከዚያ በኋላ ሰማንያ ያህሉ ነጠላ ሳጥን ውስጥ ሲከርም የዘንግ ያለህ የሚባልበት ስሌት በየዕለቱ ይመጣል። የጎደለውን ዘንግ በካርቶን ቆርጦ መሙላት ይቻላል። ነገር ግን ካርቶኑ ጉብታ የሌለውና ስስ በመሆኑ ልጁ «ይኼኛውም አሥር ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ዕቃው ያስወግዳል የተባለው ጥርጣሬ በሌላ በር ይገባል። ሁለት ልጆች አብረው የሚሠሩ ከሆነ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። በመሆኑም ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ጠቅላላ ቁጥር ከማየት ይልቅ የዘንጎቹን ቁጥር ፈልጎ ማየት ይሻላል፤ ዘንግ ለብቻው የሚሸጡ አምራቾች ስላሉ ከዋናው ስብስብ ጋር አንድ የዘንግ ማሟያ መያዝ ነገሩን ይፈታዋል።

የዘንጉ ጉዳይ ከተፈታ ግን መደመሩ ከመቀነሱ ይልቅ የተቀላጠፈ ነው። ስድስቱና አምስቱ ነጠላ ሲቀላቀሉ አሥራ አንድ ይሆናሉ፤ ልጁ አሥሩን ከዘንግ አጠገብ ደርድሮ እኩል መሆናቸውን ያይና ይለውጣቸዋል። ዘንጎቹ አሥራ ስድስት ይሆናሉ፤ አሥሩ ሰሌዳ ላይ ተደርድረው ሰሌዳውን ሲሸፍኑት በሰሌዳው ይለወጣሉ። አንድ ሰሌዳ፣ ስድስት ዘንግ፣ አንድ ነጠላ፤ 161። ወረቀት ላይ «አንድ ይዘን» የሚባለው አንድ ከየት እንደመጣና ለምን ወደ ግራ እንደሄደ ልጁ ማብራሪያ አያሻውም፤ በእጁ ለውጦ ወስዶታልና።

ልጆች ያለ መመሪያ ሲተዉ ይህን ድምር ከነጠላው ሳይሆን ከዘንጉ እንደሚጀምሩት ማስተዋል ይገባል። ትልቁ ዕቃ ዓይን ይስባል፤ ስምንትና ሰባት ዘንግ አሥራ አምስት፣ መቶ ሃምሳ ብለው ከጨረሱ በኋላ ወደ ነጠላው ይመጣሉ። ብዙ ወላጆች ይህን ሲያዩ «ከአንድ ቤት ነው የሚጀመረው» ብለው ያርማሉ። እኔ አላርምም። ከቀኝ መጀመር ወረቀት ላይ የተጻፈን ላለመሰረዝ የሚረዳ የአጻጻፍ ዘዴ እንጂ የመደመር ሕግ አይደለም፤ በኩብ የሚሠራ ልጅ የሚሰርዘው ነገር ስለሌለው ከየትም ቢጀምር ውጤቱ ያው ነው። በቃል ሲደምር ደግሞ ከትልቁ መጀመሩ ይጠቅመዋል፤ 48 ላይ 36 ለመደመር 48፣ 78፣ 84 ብሎ መሄድ በአእምሮ ውስጥ ዓምድ ሠርቶ ከመያዝ በጣም ይቀላል።

ባለ ሦስት አኃዝ መቀነስ ላይ ስብስቡ የሚሰጠው አገልግሎት ሌላ ዕቃ የሚተካው አይመስለኝም፤ በተለይ በመካከል ዜሮ ሲኖር። 403 ሲቀነስ 176 ብዙ ልጅ የሚጠፋበት ጥያቄ ነው፤ ከአንድ ቤት 6 ለመቀነስ ከአሥር ቤት ልበደር ቢል የሚያበድር የለም። ወረቀት ላይ የሚሰጠው ትእዛዝ፣ ማለትም ዜሮውን ሰርዘህ 9 አድርግ፣ አራቱን ሰርዘህ 3 አድርግ፣ ሦስቱን 13 አድርግ የሚለው፣ ለልጁ እንደ ድግምት ነው። ዘጠኙ ከየት መጣ? በኩቦቹ አራት ሰሌዳና ሦስት ነጠላ ተቀምጧል፤ በመካከላቸው ባዶ ነው። ልጁ ስድስት ነጠላ ይፈልጋል፣ የሚዘረዝረው ዘንግ የለውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንዱን ሰሌዳ በአሥር ዘንግ ይዘረዝራል፣ ቀጥሎም ከአሥሩ ዘንግ አንዱን በአሥር ነጠላ ይዘረዝራል። አሁን በፊቱ ሦስት ሰሌዳ፣ ዘጠኝ ዘንግና አሥራ ሦስት ነጠላ አለ። ዘጠኙ ከአሥር ዘንግ አንዱ ተዘርዝሮ የቀረው መሆኑን ራሱ አይቶታል። እዚህ ላይ ማቆምና ጠቅላላው አሁንም 403 መሆን አለመሆኑን ማስቆጠር ያስፈልጋል፤ ብዙ ልጆች በዘረዘሩ ቁጥር ቁጥሩ ያደገ ወይም ያነሰ ስለሚመስላቸው ይህን ማረጋገጫ መዝለል አይገባም። ከዚያ ስድስት ነጠላ ሲነሣ ሰባት፣ ሰባት ዘንግ ሲነሣ ሁለት፣ አንድ ሰሌዳ ሲነሣ ሁለት ይቀራል፤ መልሱ 227 ነው።

የዕቃው አንድ የተፈጥሮ ጉድለት ግን አለ። ዘንጉ አይሰበርም። ልጁ ዘንጉን ከፍሎ አሥር ነጠላ አያወጣም፤ ዘንጉን ሳጥን ውስጥ መልሶ በምትኩ አሥር ሌላ ኩብ ይወስዳል። ለአዋቂ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ ግን መክፈልና መለወጥ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። አንድ ነገር ሰጥቶ አሥር ነገር መቀበል ለልጁ ትርፍ ይመስላል፤ «አሁን በዛልኝ» የሚለውም ለዚህ ነው። በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ መጀመሪያ እንጨቶችን አሥር አሥር እያደረጉ በላስቲክ ማሰር የተሻለ ነው። እስሩን ልጁ ራሱ ቆጥሮ ያስረዋል፣ ሲያስፈልገውም ላስቲኩን አውልቆ ይፈታዋል፤ አሥሩ ከሌላ ቦታ እንዳልመጣ ጥርጥር አያድርበትም። እርስ በርስ የሚቆላለፉ ኩቦችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ አሥር እስር እንጨት አንድ ላይ አስሮ መቶ ማድረግ እጅ የማይሞላ ጭነት ስለሚሆን፣ ከመቶ በላይ ሲኬድ ወደ ኩቦቹ መሻገር ግድ ይሆናል። በእኔ ግምት ትክክለኛው ቅደም ተከተል እስከ 50 ባለው ቁጥር እስር እንጨት፣ ከዚያ በላይ ኩብ ነው፤ እስሩን ሳያልፉ በቀጥታ ኩብ የተሰጣቸው ልጆች መለወጡን እንደ ደንብ ይቀበሉታል እንጂ ምክንያቱን ሲጠየቁ መመለስ ያቅታቸዋል።

ትልቁ ኩብ ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚነሣው ቁርጥራጭ ሆኖ ሳለ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተውም እሱ ነው። በአብዛኛው ውስጡ ክፍት የሆነ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው። ልጁ ስድስት ፊት እንዳለው ያያል፣ እያንዳንዱ ፊት ሰሌዳውን እንደሚያህል ያያል፣ ስለዚህ ስድስት መቶ ነው ይላል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የሚታየውን ነው የቆጠረው። ሺህ መሆኑን መንገር ፋይዳ የለውም። አሥሩን ሰሌዳ ከኩቡ ጎን አንድ በአንድ ደራርቦ እኩል ከፍታ ላይ ሲደርስ ማየት ብቻ ነው የሚያሳምነው፤ ስብስቡ በትክክል አሥር ሰሌዳ መያዙ እዚህ ላይ ይመሰገናል። እሱን ሠርቶ ያየች አንዲት ልጅ ስድስተኛው ሰሌዳ ላይ ቆማ ኩቡን ካየች በኋላ «ውስጡም ይቆጠራል ማለት ነው» ማለቷን ሰምቻለሁ፤ የይዘት ትምህርት ገና ሳይደርስባት። ለመደመርና ለመቀነስ ሥራ ግን ኩቡ አንድ ብቻ በመሆኑ ሁለት ሺህና ከዚያ በላይ ያሉ ቁጥሮች በዚህ ስብስብ አይሠሩም፤ አያስፈልግምም ባይ ነኝ። በሦስት አኃዝ መለወጥን በደንብ የያዘ ልጅ አራተኛው ቤት ላይ አዲስ ነገር አይገጥመውም።

ስለ አሠራሩ ጥራት ጥቂት ልበል። ጉብታዎቹን የሚለዩት መስመሮች በጣት የሚዳሰሱ፣ ጠለቅ ያሉ መሆን አለባቸው፤ በቀለም ብቻ የተሰመሩ ወይም የደበዘዙ ከሆነ ዘንጉ ልጁ አሥር መሆኑን ቆጥሮ የሚያረጋግጥበት ሳይሆን አሥር ነው ተብሎ የሚያምነው ዱላ ይሆናል። በእንጨት የሚሠሩት ለእጅ ይመቻሉ፣ አይንሸራተቱም፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ካልተቆረጡ አሥሩ ዘንግ አንድ ላይ ሲደረደር ከሰሌዳው ሊተርፍ ወይም ሊጎድል ስለሚችል ከመግዛት በፊት ይህን መሞከር ያስፈልጋል። የዕቃው ክርክር በሙሉ በእኩልነት ላይ የቆመ ነውና ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ቀላል አይደለችም። ቀለምን በተመለከተ ነጠላውን ቢጫ፣ ዘንጉን አረንጓዴ፣ ሰሌዳውን ሰማያዊ እያደረጉ የሚያወጡ አሉ፤ ለዓይን ይማርካል፣ ነገር ግን አረንጓዴ ዘንግ ከአሥር ቢጫ ኩቦች የተሠራ አይመስልም። ሁሉም አንድ ቀለም የሆኑበትን እመርጣለሁ። 1 ሳንቲ ሜትር ኩብ ደግሞ ታናናሽ ልጆች ባሉበት ቤት አደገኛ ነው፤ ሊዋጥና ሊያንቅ ስለሚችል ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በማይደርስበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

ከስብስቡ ጋር የሚመጣው መመሪያ ከዕቃው በጣም ያንሳል። መጀመሪያ ገጹ ላይ ወደ ዓምድ አጻጻፍ ይገባል፤ ቁጥር ከመጻፉ በፊት ልጁ ዳይስ እየጣለ ነጠላ የሚሰበስብበት፣ አሥር ሲሞላለት በዘንግ የሚለውጥበት፣ ከዚያም ከመቶ ተነሥቶ እየዘረዘረ ወደ ባዶ የሚወርድበት ጨዋታ የለም። ይህን ጨዋታ በተለይ የመውረጃውን ክፍል የተጫወተ ልጅ ዓምድ ላይ ሲደርስ የሚማረው አጻጻፉን ብቻ ነው። ሁለተኛው ጉድለት መቀነስን ሁሉ እንደ መውሰድ ብቻ ማቅረቡ ነው። በ64 እና በ39 መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው የሚለው ጥያቄ የሚወሰድ ነገር የለውም፤ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን መደርደርና የማይጋጠመው 25 መታየት አለበት። በኩቦቹ ይህ በቀላሉ የሚቻል ሆኖ ሳለ መመሪያው አላነሣውም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ኩቦቹ የማይመጥኑበት የመቀነስ ዓይነት መኖሩንም ማወቅ ይገባል። 301 ሲቀነስ 298ን በኩብ መሥራት ሦስት ሰሌዳና አንድ ነጠላ ይዞ ሁለት ጊዜ መዘርዘር፣ ከዚያም የተዘረዘረውን ከሞላ ጎደል ሁሉንም መልሶ ማንሣት ነው። በቁጥር መስመር ላይ 298ን ነጥብ አድርጎ ሦስት እርምጃ ወደፊት መሄድ ይበቃል። ኩብ ብቻ የለመደ ልጅ ይህን አቋራጭ አያየውም፤ ምክንያቱም ኩብ የቁጥርን ብዛት እንጂ ቁጥር ከቁጥር ያለውን ርቀት አያሳይም። ባዶ የቁጥር መስመር ወረቀት ላይ ለመሳል ምንም ወጪ ስለሌለው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል፤ መቶ ዶቃ የሚይዘው የሽቦ መቁጠሪያም ለመቁጠርና እስከ መቶ ላለው ድምር ጥሩ ነው፣ ሰሌዳና መቶ ቤትን ግን አይተካም።

በስልክና በታብሌት የሚሠሩ ኩቦችን በተመለከተ አስተያየቴ አጭር ነው። ዘንግ አያልቅባቸውም፤ ከላይ ያነሣሁት ትልቁ ቅሬታ በእነሱ ላይ አይነሣም። ነገር ግን ብዙዎቹ ዘንጉ ሲነካ ወይም ወደ አንድ ቤት ሲጎተት ራሱ ወደ አሥር ይበታተናል፤ ልጁ አሥሩን አይቆጥርም፣ ከዘንጉ ጋርም አያስተያይም። የሚማረው ወደ ቀኝ የሚጎተት ነገር እንደሚበታተን ነው። መለወጡን በእጁ የጨረሰ ልጅ ቢለማመድበት ጥቅም አለው፤ ለመጀመሪያ ትውውቅ ግን አይሆንም።

ኩቦቹን በጥሩ ሁኔታ የሚጠቀም ልጅ ወረቀት ላይ ሲመለስ ያንኑ የቆየ ስሕተት ሲሠራ ማየት ብዙ ወላጆችን ያስገርማል። ምክንያቱ ሁለቱ ተለያይተው መሰጠታቸው ነው። ኩቡ አንድ ጨዋታ፣ ዓምዱ ሌላ ሥራ ከሆነ ልጁ በመካከላቸው ድልድይ አይሠራም። ድልድዩ የሚሠራው አንድ ዘንግ በተዘረዘረ ቁጥር እስክሪብቶው ተነሥቶ ያንኑ ሲጽፍ ነው፤ ስድስቱ ዘንግ አምስት ሲሆን 6 ይሰረዝና 5 ይጻፋል፣ ሁለቱ ነጠላ አሥራ ሁለት ሲሆን 12 ይጻፋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይነሣል። ሥራውን ሁሉ በኩብ ጨርሶ መልሱን ብቻ ወረቀት ላይ መገልበጥ ጥቅም የለውም። ዊልያም ብራውኔል ከሐሮልድ ሞዘር ጋር እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው የመቀነስ ጥናት አሥሩን እየዘረዘሩ የመቀነሱን ዘዴ ትርጉሙን ተረድተው የተማሩ ልጆች እንዲሁ በዘልማድ ከተማሩት የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውን አሳይቷል፤ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይህ ዘዴ ሥር እንዲሰድም የዚያ ጥናት ድርሻ ትልቅ ነበር። ኩብ ትርጉሙን ለማስገኘት አንድ መንገድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ኩቡ ውስጥ ያለ ነገር ባለመሆኑ፣ ሳጥኑን ከፍቶ ለልጁ ሰጥቶ መሄድ ከመመሪያው ጉድለት የባሰ ጉድለት ነው።

ኩቡ መቼ እንደሚወሰድ መመሪያው አይናገርም። መጀመሪያ ኩቡ በሥዕል ይተካል፦ ሰሌዳው ካሬ፣ ዘንጉ መስመር፣ ነጠላው ነጥብ ሆኖ ይሳላል፤ ሲዘረዘር መስመሩ ይሰረዝና አሥር ነጥብ ይሳላል። አሥር ነጥብ መሳል ስለሚያሰለች ልጁ ራሱ ወደ ቁጥሩ ብቻ ይሄዳል፤ ይህን መጣደፍ መከልከል አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ 86 ሲደመር 75ን በዓምድ ሲጽፍ ከ8 በላይ ያስቀመጣትን ትንሿን 1 በጣት አሳይቶ ስንት እንደሆነች መጠየቅ በቂ ነው። አሥር ናት ካለ ሳጥኑ ለታናሹ ሊተላለፍ ይችላል፤ አንድ ናት ካለ ደግሞ ኩቦቹ ጠረጴዛው ላይ ቢቆዩ ይሻላል።